«ሐይቅ ቢገባም ችግር የለውም» ላለው ሰውዬ

ሽምብጥ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ የቀረበው እንግዳ አናዶኝ አደረ። ጣናን በወረረው አረም፣ በእምቦጭ ቃጫ የተጠናከረ የሚበሰብስ ፕላስቲክ እናምርት አለ፣ እሺ ደስ ይላል፣ ቀጠለና «ሐይቅ ቢገባም ችግር የለውም» አይልም መሰላችሁ? እንዴት ነው የሌለው?

ጣና ዳር፦ ሰው መፍትሄ ይዞ ሲመጣ አንዲት ነገር መዞ ማጥላላት ልማዳችን ሆነ። እምቦጭ ከ2004 ጀምሮ ሐይቁን ሲወርር በእጅ ነቀልን፣ በማሽን አጨድን፣ ተመልሶ ይበቅላል። ጥቅም ላይ ይዋል እንጂ!

ኬሚስቱ፦ ቃጫውማ ይበሰብሳል፣ ማን ካደ? ዋናው ቃጫውን የያዘው ፕላስቲክ ነው። ከበቆሎ የሚሰራው ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ እንኳ ደህና አድርጎ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ ኮምፖስት ውስጥ ነው፣ ጣና 20 ምናምን ነው፣ እዚያ ዓመታት ይቀመጣል። ፖሊፕሮፒሊን፣ ያ ከነዳጅ የሚሰራው የማይበሰብስ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ቃጫው ያልቅና ፕላስቲኩ ደቆ ዓሳ ሆድ ይገባል።

ጣና ዳር፦ ቃጫ ውሃ ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ታዲያ አይፈጥንም?

ኬሚስቱ፦ ይሰነጠቃል፣ ይቆራረጣል፣ ግን ቁርጥራጩ የት ሄደ ወንድሜ? እሱን መልስልኝ።

ዓሳ ሻጯ፦ እናንተ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ፌስታል በ2017 አዋጅ ተከለከለ ተብዬ ቆሮሶ ዓሳ በምን ልስጥ? ወረቀቱ ደንበኛዬ መንገድ ሳትሻገር ረጥቦ ይቀደዳል።

ኬሚስቱ፦ እህቴ ይሄም ለፌስታል አይሆንሽም፣ ቃጫ ሲገባበት ድርቅ ይላል። ለሳጥን፣ ለሰሃን፣ ለችግኝ ማፍያ ነው የሚሆነው።

ሽምብጥ፦ ለችግኝ ይሁን፣ አፈር ውስጥ ነው የሚቀረው። እኔን ያናደደኝ ጣሉት የሚል ፈቃድ መስጠቱ ነው። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረት በ1999 ታውጆም እስካሁን ሐይቁ ዳር ያለውን ደንገል ስትገልጡት ሥሩ ላይ የተጠመጠመው ጥቁር ፌስታል ነው። ችግር የለውም ከተባለማ ማን ይሰበስባል?

ደምቢያ፦ አንድ ነገር ረሳችሁ። እምቦጭ ገበያ ካገኘ ማን ያጠፋዋል? ነገ «ለፋብሪካው ይተው» ይባላል፣ ከብቶቻችን ውሃ የሚደርሱበት አጡ እኮ!

ጣና ዳር፦ ሳይሸጥስ መች ጠፋ?

ደምቢያ፦ ነቅለን ቤታችን ሳንገባ የሚበቅለውን አንተ ባሕር ዳር ቁጭ ብለህ አታስተምረኝ!

ጣና ዳር፦ እኔም የነቀልኩ ሰው ነኝ፣ እስከ ወገቤ ገብቼ። ባሕር ዳር መኖሬ ምን አመጣው?

ኬሚስቱ፦ ቁርጥራጩን ግን አልመለስክልኝም።