ለተማሪዎች የሰበሰብነው ደብተር ውሃ ገባበት፤ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልን

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለተቸገሩ ተማሪዎች የሰበሰብነውን ዕቃ ያስቀመጥንበትን ክፍል ዛሬ ጠዋት ስንከፍተው ወለሉ ውሃ በውሃ ሆኗል። ከታች የነበሩት ካርቶኖች ስናነሳቸው ቂጣቸው ተቦድሶ ቀረ። ደብተሮቹ ርሰዋል፤ የአንዳንዶቹ ሽፋን እርስ በርሱ ተጣብቋል። እርሳስ፣ እስክርቢቶና መቅረጫም አብሮ አለ። ማከፋፈያው ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፤ ለወላጆቹ ተነግሯቸዋል። ፀሐይ ላይ እናስጣው? በካውያ እንተኩሰው? የሚያውቅ ካለ አሁኑኑ ይንገረን፤ ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።

ፈጣኑ፦
ፀሐይ ላይ አስጡት። እስከ ቅዳሜ ክው ብሎ ይደርቃል። አይዟችሁ።

የመጋዘን ሰው፦
ወረቀት መሬት ላይ አይቀመጥም! ከሥሩ ጣውላ ይነጠፋል፣ ከግድግዳ ራቅ ይደረጋል፣ ከላይ ላስቲክ ይለብሳል። ካርቶኑ ላይ ውስጡ ያለው ዕቃና ብዛቱ ይጻፋል። ሰው ልግስናውን አምኖ ሰጥቷችኋል፤ አደራ ነው። ዕቃ ከመሰብሰብ በፊት ማስቀመጫ ይታሰባል። ይህን ሁሌ እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ የለም።

ቀለም ቀንድ፦
ደብተሮቹ ትምህርት ሳይጀመር ዋና ተማሩ በሉኛ! ቀልዱን ልተወውና፣ የተጣበቁትን ሽፋኖች አሁን እርጥብ እያሉ አላቅቁ። የሚያብለጨልጭ ሽፋን ተጣብቆ ከደረቀ አለቀለት፤ ሲላቀቅ ሥዕሉን ይዞ ይነሳል።

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦
እህቴ፣ ፀሐዩንም ካውያውንም ተይው። ፀሐይ ላይ ላዩን ቶሎ ያደርቅና ውስጡን እርጥብ ይተወዋል። ወረቀቱ ይጣመማል፣ ይወይባል። ካውያ ደግሞ የሽፋኑን ፕላስቲክ ያቀልጣል።

የምትሽቀዳደሙት ከሻጋታ ጋር ነው። የራሰ ወረቀት በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሻግት ይችላል፤ ሙቀት ካለ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ከካርቶን አውጡ። ካርቶኑ ራሱ ውሃ ይዞ ይቆያል።

ውሃ የሚያንጠባጥበውን ደብተር አትግለጡት፤ ይቀደዳል። እንደተዘጋ በፎጣ መሃል አድርጋችሁ በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ከዚያ ጥላ ውስጥ አቁሙት። ትንሽ ጠፈፍ ሲል በየጥቂት ሉኩ መሃል ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት አስገቡ፤ ያ ሲርስ አውጥታችሁ በደረቅ ቀይሩ። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ያልፍበታል። መስኮት ይከፈት። ቬንትሌተር ካለ አየሩን ያንቀሳቅስ እንጂ ደብተሩ ላይ በቀጥታ አይንፋ።

መድረቁን በዓይን አትፍረዱ። መሃሉን ገልጣችሁ የእጃችሁን ጀርባ አሳርፉበት። ቀዝቀዝ ካለ ገና ውሃ አለው። ሲደርቅ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጋችሁ ክብደት ጫኑበት፤ መጨማደዱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ይቀንሳል።

ያልደረሳችሁበትን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ቅዝቃዜ ሻጋታውን ያስቆመዋል፤ በኋላ በትንሽ በትንሹ እያወጣችሁ ታደርቃላችሁ።

ፈጣኑ፦
ፀሐይ አልኩ እኮ። የኔ ልጅ ደብተር ረጥቦ በፀሐይ ነው የዳነው።

ነርሷ፦
ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ። የምን ውሃ ነው? የንጹህ ቧንቧ ከሆነ ከላይ የተባለውን አድርጉ። የፍሳሽ ወይም የጎርፍ ውሃ ከሆነ ግን ወረቀቱ አይድንም፤ ጓንት አድርጋችሁ አስወግዱት። ልጅ ጣቱን እየላሰ ነው ገጽ የሚገልጠው። እርሳስ ደግሞ ያኝካል። ሻጋታ የታየበትንም ለልጅ አትስጡ፤ አስም ያለበት ልጅ ሊያመው ይችላል።

ሰብሳቢዋ፦
ከላይ ካለው ቧንቧ ነው፣ ሽታ የለውም። ካርቶኖቹን እያወጣን ነው። የላይኞቹ ደረቅ ይመስላሉ፤ ገና አልከፈትናቸውም። እርሳሱስ? እስክርቢቶውስ?

ቀጥተኛው፦
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። የራሰ ደብተር ለምን ለልጅ ይሰጣል? ለራሳችሁ ልጅ ትሰጡታላችሁ? የተጨማደደ ደብተር ይዞ ክፍል የገባ ልጅ ከየት እንዳመጣው ጓደኞቹ በአንድ ዓይን ያውቃሉ። ደሃ ነው ተብሎ ያገኘውን ይቀበል ማለት ትክክል አይደለም። ማከፋፈያውን አራዝሙ።

ሰብሳቢዋ፦
ወንድሜ፣ ያለን ይሄው ነው። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል። ብዙዎቹ ልጆች አንድም ደብተር የላቸውም፤ ባዶ እጃቸውን ይግቡ?

መምህርት፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ መፍትሔውም ካርቶኖቹ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ደረቁን ቁጠሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅ ለየትምህርቱ ደብተር አያስፈልገውም። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዞ ከገባ ይማራል። አምስት አምስት ልትሰጡ አስባችሁ ከነበረ ለሁሉም አንድ አንድ ወይም ሁለት ሁለት ደረቅ ስጡ፤ ቀሪውን በኋላ ትሞላላችሁ። ለአንዱ ደህናውን ለሌላው የተጨማደደውን ግን በፍጹም! ልጅ የሚያየው የጎኑን ልጅ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ያለቀሰ ልጅ አቅፌ አውቃለሁ።

የተጨማደደው አይጣልም። ለትምህርት ቤቱ ስጡት፤ ለሒሳብ መሞከሪያና ለሥዕል እንጠቀምበታለን። የክፍሉ ንብረት ሲሆን ማንንም አያሳፍርም።

አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱን ልጅ ስሙን ጠርታችሁ መድረክ ላይ አታቁሙት፤ ፎቶም አይነሳ። በላስቲክ ከረጢት ሞልታችሁ ለወላጆቹ ብትሰጡ ይሻላል።

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦
መምህርት ያሉት ይሁን። ለዕቃው፦ የተለመደው እስክርቢቶ ቀለሙ ዘይታማ ስለሆነ ውሃ አይጎዳውም፤ ጠርጋችሁ ወረቀት ላይ ሞክሩት። እርሳስ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ አድርቁ፣ እንጨቱ ቶሎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መቅረጫውን ዛሬውኑ አራግፉና ጥረጉ፤ ምላጩ ይዝጋል። የደብተሩ መሃል ያለው ሽቦም እንዲሁ።

የመጋዘን ሰው፦
ጣውላውን አትርሱ።

ቀለም ቀንድ፦
እኔ ፍሪዘር አለኝ፣ ሥጋውን አስወጥቼ ደብተር ላስገባበት ዝግጁ ነኝ። የምሬን ነው፤ ቅርብ ከሆናችሁ በውስጥ ጻፉልኝ።

ነርሷ፦
ሰብሳቢዋ፣ የላይኞቹን ካርቶኖች ከፈታችኋቸው? ስትከፍቱ የጎንና የታችኛውን ረድፍ በእጅ ዳስሱ። ካርቶን ውሃ ወደ ላይ ይስባል፤ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥር እርጥብ ሊሆን ይችላል።

መምህርት፦
ደረቁ ለሁሉም ካልደረሰም ጻፊልን፤ የጎደለውን እዚሁ ተባብረን እንሞላለን።