ክርክር፦ ማዕረጉ የተሸሸገ ጠጠር ቁማር ነው?

ከደብረ ማርቆስ (ጠያቂው)፦ ከጓደኞቼ ጋር አዲስ የሰሌዳ ጨዋታ እየሠራን ነው። ጠጠሮቹ ከባላምባራስ እስከ ራስ ማዕረግ አላቸው። ማዕረጉን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሁለት ጠጠር ሲጋጠም ይገለጡና ዝቅተኛው ይወጣል። ለተማሪዎች ውድድር ይሁን ብንል «ቁማር ነው» ተባልን። ምን ትላላችሁ?

ከቡሬ፦ እኔም ቁማር ነው ባይ ነኝ። የአባቶቻችንን የሰንጠረዥ ጨዋታ እዩት። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፋሉ፤ ወረራ የሚባለው ይሄ ነው። የባላጋራህን አሰላለፍ እያየህ የራስህን ትለውጣለህ። የተሸነፈ ልጅ የት እንደተበለጠ ያውቃል። በእናንተው ጨዋታ ግን ሳያውቅ ራስ ላይ ቢገባ ጥፋቱ ምንድን ነው?

ከባሕር ዳር፦ አልስማማም ወንድሜ። እዚህ ዳይስ አይጣልም፣ ካርታም አይበወዝም። እያንዳንዷን ጠጠር ሰው አስቦበት ነው ያስቀመጣት። የየማዕረጉ ብዛትም ይታወቃል። ፊታውራሪዎቹ ሁሉ ከወጡ የቀረው ምን እንደሆነ ይሰላል። ያ ጠጠር ለምን አልተነቃነቀም? ያኛውስ ለምን ሸሸ? ይሄን የሚጠይቅ ልጅ እያሰበ ነው።

ለጠያቂው ግን አንድ ነገር ልበል። ስትራቴጎ የሚባለው፣ እንደ እናንተው ማዕረጉ የሚሸሸግ የሰሌዳ ጨዋታ ላይ እያንዳንዱ ወገን 40 ጠጠር አለው። ትልቁን ማርሻል ደካማው ሰላይ ቀድሞ ካጠቃው ይጥለዋል። እናንተም ራስ ለተባለው ጠጠር የሚፈራው ትንሽ ጠላት አብጁለት። አለዚያ ሁሉን እየጠረገ ይሄዳል፣ ጨዋታውም ያኔ ይሞታል።

ከፍኖተ ሰላም፦ አስተማሪ ነኝ። የፊሊፒንሱ የጄኔራሎች ጨዋታ 21፣ 21 ጠጠር አለው። ሲጋጠሙ ሦስተኛ ሰው ሁለቱንም አይቶ ዝቅተኛውን ያወጣል፤ የአሸናፊው ማዕረግ ሳይገለጥ ይቀጥላል። እኛ ዘንድ ሦስት ተማሪ በአንድ ዴስክ ይቀመጣል። ሦስተኛው ዳኛ ቢሆን የሚተርፍ ልጅ የለም። የመነሻ አሰላለፉ በወረቀት ይጻፍ፤ ሲያልቅ ሁሉም ይገለበጥ። የቡሬው ወንድማችን ያነሡት ጥያቄ እዚያ ላይ ይመለሳል።

ከቡሬ፦ ወረቀቱን ወድጄዋለሁ፤ ልጁ ተመልሶ የሚያየው ነገር ያገኛል። ዳኛው ግን አልተዋጠልኝም። ለጀማሪ ልጅ ያሸነፈው ጠጠር ተገልጦ ይቆይለት።

ከደብረ ማርቆስ፦ እሺ፣ ለታናናሾቹ ተገልጦ ይቆያል፤ ለታላላቆቹ በዳኛ ይሆናል። ራስ የሚፈራውን ትንሽ ጠጠር ግን ማን እንበለው? ሐሳብ ስጡን።