ለከባድ ሌንስ የሚሆን የትራይፖድ ሄድ፦ ቦል፣ ጊምባል ወይስ ፍሉይድ?

የቡራዩ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ገፈርሳ ግድብ አካባቢ ወፍ አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን 7ዲ ማርክ ቱ ነው፤ ሌንሱ ሲግማ 150-600 ሚሊ ሜትር ኮንቴምፖራሪ። ሁለቱ አንድ ላይ 2.9 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ትራይፖዴ ላይ ያለው ሄድ፣ ማለትም አናቱ ላይ ካሜራውን የሚይዘው ክፍል፣ በኳስ የሚዞረው ቦል ሄድ ነው። ሳጥኑ ላይ "8 ኪሎ ይሸከማል" ይላል፤ ሻጩም ያንኑ ነው የነገረኝ።

ችግሩ ይሄ ነው። ወፏን መሃል ላይ አድርጌ ጥብቅ አድርጌ እቆልፋለሁ። እጄን ስለቅ ሌንሱ ቀስ እያለ አፍንጫውን ይደፋል። ወፏ ወደ ፍሬሙ አናት ትሄድብኛለች። አሁን አሁን ሆን ብዬ ከፍ አድርጌ እቆልፍና ወርዶ እስኪያርፍ እጠብቃለሁ። ድንገት ስትነሳ ደግሞ ኳሱን ከፈታሁት ሌንሱ በአንድ ጎን ዘጭ ይላል። ጣቴን ቆንጥጦኝም ያውቃል።

ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስትራመድ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች። ያንን አረማመድ በፎቶም በቪዲዮም በደንብ መያዝ እፈልጋለሁ። የኛው አገር ወፍ ናት፤ ሌላ የትም የለችም። እንዲህ ሌንስ እየወረደብኝ ስታመልጠኝ በጣም ነው የሚቆጨኝ።

15 ኪሎ የሚል ቦል ሄድ ልግዛ? ወይስ ጊምባል የሚባለው ይሻላል? ዋጋው ከሐምሌ 2016 ወዲህ አይቀመስም። ስለዚህ አንዴ ገዝቼ ብዙ ዓመት ቢያገለግለኝ ነው የምፈልገው። መኪና የለኝም፤ በሚኒባስ ነው የምሄደው። የዕቃው ክብደትም ያሳስበኛል።

ሱሉልታ ሜዳ፦

ወንድሜ፣ ሌላ ቦል ሄድ እንዳትገዛ። 15 ኪሎም ቢል፣ 20ም ቢል።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎ እርሳው። አምራቾች ሁሉ የሚለኩበት አንድ የጋራ መለኪያ የለም። አንዱ ክብደቱን ቀጥ አድርጎ ኳሱ አናት ላይ ይጭንና የቻለውን ይጽፋል። ያንተ ሌንስ ግን ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ወደ ፊት የረዘመ ነው። ወደ 600 ስትከፍተው ደግሞ የፊተኛው ክፍል ስለሚወጣ ይብስበታል። ኳሱን የሚያሸንፈው ኪሎው ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ከኳሱ መራቁ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ያንተ ካሜራ በ600 ሚሊ ሜትር ከላይ እስከ ታች የሚያየው 1.4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ሌንሱ ግማሽ ዲግሪ ከወረደ ከፍሬሙ ቁመት ከሲሶ በላይ ሄደ ማለት ነው። ዝይዋ 50 ሜትር ላይ ካለች፣ ያቺ ግማሽ ዲግሪ 44 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ይህችኑ መውረድ ልብም አትላትም። ስለዚህ ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛህ "የኔ ቦል ሄድ አንደኛ ነው" ቢልህ እውነቱን ነው። የሱ ሥራና ያንተ ግን ለየቅል ነው።

ጊምባል ሌንሱን ከላይ አይጭነውም። በጎን በኩል ባለ ክንድ ላይ ይይዘዋል። ሌንሱ የሚዞርበት ዘንግ በራሱ በክብደቱ መሃል ያልፋል። ሁለቱ ጎን እኩል የተጫነ አህያ ላይ ጭነቱ ወዲህ ወዲያ እንደማይለው ማለት ነው። ሚዛኑ ከተስተካከለ ሳትቆልፈው እንኳ ባቆምክበት ይቆማል። በአንድ ጣት ትገፋዋለህ። ወፏ ስትነሳ የምትፈታው ነገር የለም፤ አብረሃት ትዞራለህ።

እኔ ኒኮን 200-500 ነው የምጠቀመው። እሱም ከነእግሩ (ትራይፖድ ላይ የሚታሰርበት ከሥሩ ያለው ክፍል) 2.3 ኪሎ ነው። ሱሉልታ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ንፋስ ታውቀዋለህ። ያኔም ቢሆን በጊምባል እሠራለሁ።

ሚዛኑን የምታወጣው እንዲህ ነው። በትዕግሥት አድርገው፤ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ሌንሱን ብዙ ጊዜ በምትጠቀምበት ርዝመት ክፈተው፤ ላንተ 600 መሆኑ ነው። ሁዱንም (ሌንሱ አፍ ላይ የሚገባውን የብርሃን መከለያ) ግጠምበት፤ እሱም ክብደት አለው። የላይና ታች ማጥበቂያውን ቀስ ብለህ ፍታ፤ ሌላኛው እጅህ ሌንሱን እንዳይለቅ። አፍንጫው ከወደቀ ሌንሱን ከነፕሌቱ (ከእግሩ ሥር ታስሮ ሄዱ ላይ ከሚገባው ጠፍጣፋ ብረት ጋር) ወደ ኋላ ሳበው። ካሜራው ከወደቀ ወደ ፊት ግፋው። አግድም ቀጥ ብሎ ሲቆምልህ ገና ግማሹን ነው የጨረስከው። አሁን አፍንጫውን ወደ ላይ ጥሩ አድርገህ አቅናና ልቀቀው። እዚያው ከቆመ ተሳክቶልሃል። ይበልጥ ወደ ኋላ ልውደቅ ካለ ሌንሱ ከዘንጉ በላይ ነው የተቀመጠው፤ ክንዱ ላይ ያለውን የሌንሱን መቀመጫ ዝቅ አድርገው። ወደ አግድም ልመለስ ካለ ደግሞ ከፍ አድርገው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያደርግና "ጊምባሉ አይረባም" ይላል።

ሲግማው ሲዘጋና ሲከፈት ርዝመቱ ይለዋወጣል። ወደ 150 ስትመልሰው ሚዛኑ ትንሽ ይዛባል። ማጥበቂያውን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል።

ሱቅ ስትሄድ ካሜራህን ይዘህ ሂድ። ክንዱን ይዘህ ወዲህ ወዲያ ነቅነቅ አድርገው። "ቀጭ ቀጭ" የሚል ክፍተት ካለው ተወው። ከዚያ ዙሪያውን ቀስ ብለህ አዙረው። መንገዱን ሁሉ እኩል መዞር አለበት፤ አንድ ቦታ ከያዘ ወይም አሸዋ እንዳለበት ከተንኮራኮረ ተወው። ስሙ ትልቅ መሆን የለበትም። ብዙዎች መለኪያ የሚያደርጉት ዊምበርሊ ደብልዩ ኤች 200 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዋጋው ግን ላንተም ለኔም አይሆንም። ርካሾቹ የቻይና ጊምባሎች ውስጥ በጣም ጥሩ አለ፣ የማይረባም አለ። የሚለየው እጅህ ነው። ክብደት ካሳሰበህ ከሥር መቀመጫ የሌለው፣ ሌንሱ በቀጥታ ጎኑ ላይ የሚታሰርበት ዓይነት ቀለል ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትራይፖዱ ራሱ እንዴት ነው? እግሮቹ ቀጫጭን ከሆኑ ምንም ሄድ አያድንህም። መሃል ያለውን ምሰሶ አታውጣው። ታች ያሉትን ቀጫጭኖቹን እግሮችም ካልቸገረህ አትዘርጋቸው። ገፈርሳ ዳር ጭቃ ነው፤ እግሮቹን ወደ ጠንካራው መሬት እስኪደርሱ ግፋቸው። ምሰሶው ሥር መንጠቆ ካለ ቦርሳህን ስቀልበት፤ ግን መሬት ነካ ያድርግ። በአየር ላይ ከተወዛወዘ ራሱ ነው የሚያነቃንቅህ።

ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ፦

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል። እኔ የቪዲዮውን ብቻ ልጨምር። ወንድሜ፣ "በቪዲዮም" ስላልክ ነው።

ጊምባል ላይ ቪዲዮ መሥራት ይቻላል፤ ግን አጀማመሩና አቋቋሙ ለስላሳ አይሆንም። ዝይዋ ስትራመድ ቀስ ብለህ ልትከተላት ስትል ምስሉ ዘለል ይላል። ፍሉይድ ሄድ ለዚህ ነው የተሠራው። ረጅም እጀታ አለው፤ እንቅስቃሴውን የሚያለዝብ ዘይት ያለበት ማጥበቂያም አለው።

ግን ሲገዛ የሚታይ ነገር አለ፤ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ። ሥራው ካሜራው ሲያዘነብል ወደ ላይ መልሶ መደገፍ ነው። ለምሳሌ ማንፍሮቶ 502 እስከ 7 ኪሎ ይችላል ይባላል። ስፕሪንጉ ግን 4 ኪሎ ላይ የተወሰነ ነው፤ የሚስተካከል አይደለም። ያንተ ዕቃ 2.9 ኪሎ ስለሆነ ወደ ታች ስታዘነብለው ወደ ላይ ሊመልስህ ይታገልሃል። ማጥበቂያውን ጠበቅ እያደረግክ ትሠራለህ እንጂ እንደ ልብ አይሆንም። ስፕሪንጉ በደረጃ የሚስተካከል ካገኘህ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል።

ፎቶው ከበለጠብህ ጊምባል ውሰድ። ቪዲዮው ከበለጠብህ ፍሉይድ። በፍሉይድ የምትበር ወፍ መከተል ከባድ ነው፤ እጀታው ደረትህን እየነካ ይከለክልሃል።

ቶርኖ ቤት፦

ሌላው ሁሉ ተብሏል። እኔ ስለ ብሎን ልናገር፤ በየጊዜው የሚመጣብኝ ጉዳይ ነው።

የትራይፖድና የካሜራ ብሎን በኢንች ነው። የካሜራው ሥር 1/4 ኢንች፣ የትላልቅ ሄዶች ሥር 3/8 ኢንች። ሰው ብሎን ይጠፋበትና ከመርካቶ ባለ 6 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ገዝቶ ይገጥማል። 3/8 ማለት 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 10 ሚሊው በግድ ካልገባ አይገባም፤ በግድ ሲገባ የሄዱን ጥርስ ይበላዋል። ባለ 6ቱ ይባስ፣ 1/4 ውስጥ ዘው ብሎ ይገባል። ገጥሞ ሳይሆን ልል ሆኖ ነው። የጥርሱ ርቀትም አይገናኝም፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ነው የሚይዘው። በሱ ላይ ያን ሌንስ ማንጠልጠል አደጋ ነው።

የትራይፖድህ ብሎን 1/4 ሆኖ የሄዱ ቀዳዳ 3/8 ከሆነ መሃል የምትገባ፣ ውስጧም ውጭዋም ጥርስ ያላት ትንሽ የብረት ቀለበት አለች፤ ቡሽ ይሏታል። ካጣሃት ማንኛውም ደህና ቶርኖ ቤት ከነሐስ ያወጣልሃል። የአሉሚኒየም ካሉህ እንቢ በል፤ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል።

የቡራዩ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ ምሰሶውን ዛሬ ጠዋት ዝቅ አድርጌ ሞከርኩት፤ ንቅናቄው በጣም ቀነሰ። ቦል ሄዱ ግን ያው መውረዱን አልተወም። ፎቶው ስለሚበልጥብኝ ጊምባል ወስኛለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ፕሌቱ ምን ያህል ይርዘም? እስክገዛ ድረስስ ምን ላድርግ?

ሱሉልታ ሜዳ፦

ጎሽ። ፕሌቱ አርካ የሚባለው ቅርጽ ይሁን፤ ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ጊምባል የሚቀበለውም እሱን ነው። ርዝመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይነስ። አጭር ከሆነ ሚዛን ስታወጣ ወደ ኋላ የምትስበው ቦታ ታጣለህ። ሌንሱ እግር ላይ በሁለት ብሎን የሚታሰር ይሻላል፤ በአንድ ብቻ ከታሰረ ይዞራል። ሁለቱ ጫፍ ላይ ትንንሽ ማገጃ ብሎኖች መኖራቸውን እይ። ማጥበቂያው ቢላላ እንኳ ሌንሱ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ የሚይዙት እነሱ ናቸው። አውልቀህ እንዳትጥላቸው።

እስከዚያው ድረስ ከረጢት አሰፋ። ከወፍራም ጂንስ ጨርቅ፣ አንድ ጎኑ ዚፕ ያለው። ሽንብራ ወይም ባቄላ ሙላበት፤ ግን አትጠቅጥቀው፣ ሌንሱ ሲያርፍበት ሰመጥ ማለት አለበት። ድንጋይ ላይ ወይም መሬት ላይ አድርገህ በልብህ ተኛ። ለዝይ እንዲያውም ከትራይፖድ ይሻላል፤ ከዓይኗ እኩል ነው የምትሆነው። ዝናብ እንዳይነካው ብቻ ተጠንቀቅ፤ ከራሰ ይበቅላል።