ጨነቅ ላይ ቡና ለምን ውሃ ውሃ ይላል? የስሜን ተራሮች ጉዞ የቡና ጥያቄ

ጓዘ ቀላል
ጤና ይስጥልኝ። ከጥምቀት በኋላ ሦስት ሆነን ስሜን ተራሮች እንወጣለን፤ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ አንድ አንድ ሌሊት እናድራለን። ፈቃዱም ስካውቱም በቅሎውም አልቋል፣ የቀረን ቡናው ነው። ዕቃችን ጣሳው አናት ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ 1 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው ድስትና የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ችግሩ፣ ደጋ ላይ በዚህ ዕቃ ያፈላነው ቡና ቀጥኖ ኮምጠጥ ይላል። ቡና ሲጨመርበትም ይብስበታል እንጂ አይወፍርም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጀበና መያዝስ ያዋጣል? ለሦስት ሰው ጠዋትና ማታ ስንት ቡና፣ ስንት ጋዝ ይበቃል? ቆልተን እንሂድ ወይስ እዚያው እንቁላ?

ብረት ምጣድ
ጥፋቱ የቡናው ሳይሆን የውሃው ሙቀት ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ ጎንደር 93 ገደማ፣ ሳንቃበር (3,250 ሜትር) 89፣ ጨነቅ (3,620 ሜትር) 88 ላይ ይፈላል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታንቦገቡጉት ውሃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ከቡና ቀድሞ የሚወጣው ኮምጣጣው ነው። ጣፋጩና ወፍራሙ የሚወጣው ዘግይቶ ነው፣ ሙቀትም ይፈልጋል። ስለዚህ ያንኑ አጭር ጊዜ ይዞ ቡና ብቻ መጨመር ኮምጣጣውን ማብዛት ነው። መጨመር ያለበት ጊዜው ነው፤ ውቅጡም ደቀቅ ይበል።

በድስት ሲፈላ እንዲህ ነው። 600 ሚሊ ሊትር ውሃ ክዳኑን ገጥማችሁ አፍሉ። የወንዝ ውሃ ከሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ተዉት፣ በዚያ ከፍታ ለጤና የሚበቃው ያ ነው። እሳቱን ቀንሱና 40 ግራም ቡና ጨምሩ፤ ሚዛን ከሌለ 8 የሾርባ ማንኪያ፣ አፉ የተስተካከለ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትድፉት፣ አዲስ የተቆላ ቡና አረፋው ገንፍሎ ምድጃውን ያጠፋል። በሦስት ጊዜ ጨምሩ፣ አማስሉ። ሽቅብ ሲል አንሱት፣ ሲወርድ መልሱት፣ ሦስቴ። ከዚያ በመጨረሻው ትንሽ እሳት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ፣ 4 ወይም 5 ደቂቃ። ቆላ ላይ ይህን ያህል አይቆይም፤ እዚህ ግን የጎደለውን ሙቀት የሚተካው እሱ ነው።

አውርዱና አረፋውን ባንድ ዙር አማስላችሁ ሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ርጩበት፤ ተንሳፋፊው ይሰምጣል። ድስቱን በፎጣ ወይም በጋቢ ጫፍ ጠቅልላችሁ 4 ደቂቃ ይስከን። ሳታናውጡ በአንድ በኩል ብቻ ቅዱ፣ የመጨረሻውን አንድ ጣት አትንኩት። ቡናው ራሱ የሚመጠውና በእንፋሎት የሚሄደው ተቀንሶ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ይተርፋችኋል፤ ለሦስት ሰው ሁለት ሁለት ስኒ።

ውቅጡ በጣት መሃል ሲታሽ ከስኳር የደቀቀ፣ ከዱቄት ግን የሻከረ ይሁን። ዱቄት ከሆነ በድስት አይሰክንም፣ ጥርስ ላይ ይቀራል።

ማቶት
በቅሎ ካለ ጀበና ለምን ይቀራል? የሸክላው ጀበና አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እንፋሎቱም ሽታውም አይባክንም፤ ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ንፋስ ላይ ከቀጭን ድስት ይሻላል፤ አተላውም ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ግን ሦስት ነገር ጠብቁ።

አንደኛ፣ አዲስ ጀበና ይዛችሁ አትውጡ። ቤት ውስጥ በደንብ የተሟሸ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሠራ ይሁን። ያልተሟሸው ያንጠባጥባል፣ አፈር አፈርም ይላል። ሁለተኛ፣ የጋዝ ምድጃ ላይ ቀጥታ አይጣድም። እሳቱ በአንድ ነጥብ ስለሚመታው ሸክላው እዚያው ይሰነጠቃል፤ ቂጡም ክብ ስለሆነ ሦስቱ እግር ላይ አይረጋም፣ ትንሽ ሲነካ ይገለበጣል። በመሃሉ ወፈር ያለ የብረት ሳህን አድርጉ፣ ጀበናውን የሚይዝ የሽቦ ቀለበትም አበጁለት። ሦስተኛ፣ ሌሊት የቀዘቀዘ ጀበና ውስጥ የፈላ ውሃ አትጨምሩ፣ የጋለው ላይም ቀዝቃዛ አትርጩ። ውሃውም ጀበናውም አብረው ይሙቁ።

ለጉዞ ሆዱንም ዙሪያውንም ካልሲ ጠቅጥቃችሁ ድስቱ ውስጥ ወይም ልብስ መሃል አስቀምጡት። በቅሎ ጭነቷን ከድንጋይ ጋር ታሻሻለች፤ ከጎን ጫፍ የተንጠለጠለ ጀበና ግጭ አይደርስም።

የበቅሎ ጭነት
ከማቶት ጋር አልስማማም። ያ ብረት ሳህን ጋዙን ይበላል፣ ውሃው እስኪፈላ ጊዜው እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሸክላ ጀበና የከሰል ዕቃ ነው፤ ከሰልና ምድጃ የሚይዝ አብሳይ ካላችሁ ያዙት፣ ከሌላችሁ ድስቱ ይበቃል። ቀጭኑ የብረት ጀበና ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ አልመክርም፤ ታቹ ስስ ስለሆነ አተላው ያርራል፣ ጣዕሙም ያው የድስት ነው።

ወደ ጋዙ ስመጣ፦ ክዳን ገጥማችሁ፣ ንፋስ ከልላችሁ፣ 600 ሚሊ ሊትር ለማፍላት 10 ግራም ገደማ ይሄዳል፣ ለቀሪው ማንተክተክ 5 ግራም። የማታና የጠዋቱ ተደምሮ ስድስት ዙር ነው፣ 90 ግራም። ንፋስና ብርድ ስለሚጨምሩበት 150 አስቡት። 230 ግራም የሚይዘው አንድ ጣሳ ለቡናው በቂ ነው፣ ለሻይም ይተርፋል። የምግቡን ለብቻ ያዙ።

ጋዙ በአውሮፕላን አይጫንም፣ በእጅም በሻንጣም። ወደ ጎንደር በአየር የሚሄድ ሰው እዚያ ማግኘቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ስትገዙ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ቡቴን ብቻ ከሆነ ጨነቅ ላይ ጠዋት ብርዱ ዜሮ አካባቢ ሲደርስ በደንብ አይተንም፣ እሳቱ እንደ ሻማ ይሆናል። ፕሮፔንና አይሶቡቴን ያለበት ቅልቅል ይሻላል። የሆነው ሆኖ ጣሳውን ሌሊት መኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ አሳድሩት፤ ሲነድ ከደከመ ዝርግ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርጋችሁ መሃሉ አቁሙት። ለብ ያለ ነው ያልሁት፣ የፈላ አይደለም።

ንፋስ በድንጋይ ይከለላል፣ በአንድ በኩል ብቻ። ጣሳውን ዙሪያውን በቆርቆሮ ማጠር ጣሳውን ራሱን ያግለዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ በጋዝም በከሰልም ቡና አይፈላም። ጭሱ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል።

ደረቅ ቡና
ቆልታችሁ ሂዱ። እዚያ መቁላት የሩብ ሰዓት ጋዝ ነው፣ ትንሽ ድስት ላይም አንዱ ፍሬ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል። 350 ግራም ጥሬ ቡና ሲቆላ 290 ገደማ ይሆናል፤ ለስድስት ዙር 240፣ አንድ ዙር መጠባበቂያ 40፣ ደረሰላችሁ። አቆላሉ ቤት ከለመዳችሁት ትንሽ ጠቆር ይበል። ነጣ ብሎ የተቆላ ቡና በ88 ዲግሪ ውሃ ውስጡን በደንብ አይለቅም፣ ያ ኮምጣጣ ነገር ግማሹ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ቅባቱ ፊቱ ላይ እስኪያንጸባርቅ ግን አይድረስ።

ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ቁሉት፤ ትንፋሹ ይወጣለታል፣ ድስት ላይም አይገነፍልም። ውቀጡትና 40፣ 40 ግራም በትንንሽ ላስቲክ አድርጉ፣ አየሩን በመዳፍ ጭምቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ጎንደር ላይ አየር ይዞ የታሰረ ላስቲክ ጨነቅ ሲደርስ እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ሻንጣ ውስጥ ሊፈነዳም ይችላል። ባንድ ትልቅ ላስቲክ መያዝም ጥሩ አይደለም፣ በየቀኑ ሲከፈት ሽታው ይሄዳል። ከላምባና ከሳሙና አርቁት፤ ቡና ሽታ ይስባል፣ አንዴ ላምባ ከነካው መጣል ነው።

ጤና አዳም ለሚወድ ደረቅ ዘለላ ይያዝ፣ ክብደት የለውም። ለቡና ቁርስ ቆሎ። ፈንዲሻ ሻንጣ ይሞላል፣ ሆድ አይሞላም።

ጓዘ ቀላል
እግዜር ይስጥልኝ፣ ገባኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጊዜው ከሆነ ቁም ነገሩ ለምን 10 ደቂቃ አናንተከትከውም? ደግሞ ቶና አይወጣውም? ጋዝ አባካኝ ካልሆነ ደስ ባለን።

ብረት ምጣድ
10 ደቂቃ ካንተከተካችሁት ሽታው በእንፋሎት ያልቅና መራራው ብቻ ይቀራል። ሽታው አካባቢውን ከሞላው ከስኒው ወጥቷል ማለት ነው። 5 ደቂቃ ይበቃል።

ቶና ይወጣዋል፣ ጋዝም አያባክንም። ድስቱ ገና ትኩስ ሳለ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ አተላው ላይ ጨምሩ፣ ከዚያ 10 ግራም አዲስ ቡና ብቻ። ከአቦሉ የተረፈው ብቻውን ከፈላ እንጨት እንጨት ይላል፣ 10 ግራሟ ሽታውን ትመልስለታለች። በረካ ግን ተዉት፤ ዝናብ ይዟችሁ ድንኳን ደጃፍ ከተቀመጣችሁ ሌላ ነው። ውሃው በክሎሪን ጠብታ የታከመ ከሆነ ለቡና አትጠቀሙበት፣ ክሎሪኑ ጣዕሙን ያበላሸዋል። የወንዙን ውሃ አስክናችሁ በነጠላ አጥሉና አፍሉት።

እማማ ጠና
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልበል። ቡና የለመደ ሰው ተራራ ላይ ድንገት ካቋረጠ በማግስቱ ራሱን ይመታዋል፣ ከፍታው ነው ብሎም ይደነግጣል። ስለዚህ እንደ ልማዳችሁ ጠጡ፣ የማታውን ግን ቀነስ አድርጉት። እዚያ እንቅልፉም እንደ ቤት አይደለም። ራስ ምታቱ ከቡናው በኋላም ካልለቀቀ፣ ማስመለስም ካከለበት፣ ቡናውን ትታችሁ ውረዱ።

ኮሎራዶ ነዋሪ
እኛም እዚህ 3,500 ሜትር ላይ ይኸው ችግር አለብን፣ የ5 ደቂቃውን ነገር እሞክራለሁ። ጥያቄዬ፦ ድብ ባለበት ጫካ ቡናው የት ያድራል? ከሰልስ ይፈቀዳል?

የበቅሎ ጭነት
ቡና ሽታ አለው፣ ስለዚህ ከምግቡ ጋር ድብ የማይከፍተው ጣሳ ውስጥ ያድራል፤ ያልታጠበው ድስትና አተላውም ከድንኳን ይራቁ። ከሰል ከማሰባችሁ በፊት የዚያን ሳምንት የእሳት ክልከላ እዩ። ክልከላ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እንጨትና ከሰል ይቀራሉ፣ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ይፈቀዳል።

ስሜን ላይ ድብ የለም፣ ቁራው ግን ይበቃል። ክፍት የተተወ ላስቲክ እያያችሁት ይዞ ይበራል። እንጨትም እዚያ አይለቀምም፤ አስታውም ጅባራውም የፓርኩ ነው፣ የደረቀ ቢመስላችሁም። አተላውን ሜዳ ላይ አትድፉ፣ በባዶው የቡና ላስቲክ መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ።

ጓዘ ቀላል
በጣም አመሰግናለሁ። ጀበናውን ተውነው፣ 7 ላስቲክ፣ አንድ ጣሳ ጋዝ። ጎንደር ላይ ጋዙ ካልተገኘስ?

ደረቅ ቡና
የላምባ ምድጃ ተከራዩ። ክሩን በመቀስ እኩል ቁረጡት፣ ወጣ ገባ ከሆነ ያጨሳል፣ ጭሱም ቡናው ውስጥ ይገባል። አቀጣጥላችሁ ነበልባሉ ሰማያዊ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዚያ በፊት ድስቱን አትጣዱ። ክዳኑ እስከ መጨረሻው ይገጠም፤ የ5 ደቂቃውን ማንተክተክም ገርበብ ሳታደርጉ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጨርሱት። ላምባውን ራሱን ደግሞ በቅሎዋ በሌላው ጎን ትጫነው፣ ቡናው ባለበት በኩል አይደለም።