የማንጎ አገር ማሊሃባድ፦ በምን ልሂድ፣ ከማን ልግዛ፣ የት ልደር?

ለትምህርት ወይም ታማሚ ይዛችሁ ዴልሂ የከረማችሁ፣ ታጅ ማሃልንም አይታችሁ «አሁንስ የት እንሂድ?» የምትሉ ካላችሁ የኔ ጥቆማ ማሊሃባድ ናት። ኡታር ፕራዴሽ ክልል ውስጥ ከላክናው ከተማ በሰሜን ምዕራብ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በማንጎ የምትተዳደር ትንሽ የገበሬ ከተማ ናት። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ገንዘቤንም ጊዜዬንም በተንኩ፤ በሁለተኛው ግን ተካስኩ። የሁለቱን ልዩነት ነው የምነግራችሁ።

መቼ የሚለው አያከራክርም፤ ሰኔ። ከተማዋን ያስጠራት ደሼሪ የሚባለው ማንጎ የሚደርሰው በኛው ሰኔ ነው። ቀደም ብላችሁ ከሄዳችሁ ጥሬ ነው፣ ሐምሌ ከገባ ደግሞ ቦታውን ቻውሳ ለሚባለው ሌላ የማንጎ ዓይነት ይለቃል። ግን እኛ አገር ሰኔ ጃኬት የሚወጣበት ወር ስለሆነ እንዳትሸወዱ። እዚያ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ «ሉ» የሚሉት የሚጋረፍ ትኩስ ነፋስ አለ፤ ዝናቡ የሚገባው ወደ ወሩ አጋማሽ ግድም ነው። ስለዚህ ማለዳ ገብታችሁ ከቀትር በፊት የማሳውን ሥራ ጨርሱ። ከቀትር በኋላ ሰውም ውሻም ጥላ ስር ነው።

ትራንስፖርት። ዴልሂና ላክናው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ የቀኑን ሻታብዲ ባቡር ወይም የሌሊት ባቡር ያዙ። የሕንድ ስልክ ቁጥር ለሌላችሁና ትኬት በኢንተርኔት መቁረጥ እምቢ ላላችሁ፣ ኒው ዴልሂ ጣቢያ በፓሃርጋንጅ በኩል አንደኛ ፎቅ ላይ ለውጭ አገር መንገደኞች ብቻ የሚሠራ ቢሮ አለ። ፓስፖርት ይዛችሁ እዚያ ውጡ። ከታች «ቢሮው ተዘግቷል፣ ወደ ሌላ ልውሰዳችሁ» የሚላችሁ ደላላ አይጠፋም፤ ሳትመልሱለት እለፉ።

ከላክናው ወደ ማሊሃባድ ሦስቱንም መንገድ ሞክሬያለሁ። በመተግበሪያ የሚጠራው ታክሲ ሲሄዱ ምቹ ነው፤ ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ስልካችሁ ላይ መኪና ስትፈልጉ አንድም አይመጣም። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሹፌሩን «ጠብቀኝ» ብዬ የመጠበቂያውን ሂሳብ ሳልነጋገር ቀረሁ፤ ማታ የጠራልኝ ዋጋ የዴልሂን ባቡር ደርሶ መልስ ይከፍላል። ታክሲ ከያዛችሁ የሙሉ ቀን ኮንትራት አድርጉና ዋጋውን ጠዋት ጨርሱ። አውቶቡሱ ከካይሳርባግ መናኸሪያ በሃርዶይ መስመር የሚነሳው የመንግሥት አውቶቡስ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን በዚያ ሙቀት ቆሞ መሄድ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

እኔ የመረጥኩት የሰፈር ባቡሩን ነው። ፈጣኖቹ ማሊሃባድ አይቆሙምና «ፓሴንጀር» የሚባለውን ጠይቁ፤ መቀመጫ የማይያዝለትን ጀነራል ትኬት መስኮት ላይ ትቆርጣላችሁ፤ ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ መስመሩ በካኮሪ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1925 ወጣት አርበኞች የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የጫነ ባቡር አስቁመው የዘረፉት እዚህ ነው። በዚሁ ክስ አራት ሰዎች በ1927 እ.ኤ.አ. ተሰቀሉ። አብሮኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ባቡሩ ካኮሪ ሲደርስ በመስኮት እያሳየ አስረዳኝ። ሂንዲዬ ደካማ ቢሆንም ስሞቹን እንደ ዘመዶቹ ሲጠራቸው ገባኝ።

ከጣቢያው ወደ ማሳዎቹ በባትሪ የሚሄድ ሪክሻ አለ። «ባጃጅ» ካላችሁ ሰው የሞተር ብስክሌት ኩባንያ የጠየቃችሁ ይመስለዋል። ስሙን ከዚህ ወስደን እኛ ነን ለባለ ሦስት እግሩ የሰጠነው፤ እዚህ «ኦቶ» ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማንጎው።

የምትገዙበት ቦታ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በዋናው መንገድ ዳር የተደረደረው ድንኳን ነው። ለፎቶ ያምራል፣ ለመብላት ግን አልመክርም። ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ደሼሪ ካያችሁ ጠርጥሩ። ደሼሪ በስሎም አረንጓዴነቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ካልሲየም ካርባይድ በሚባል ኬሚካል ማብሰል ሕንድ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም የሚጠቀሙበት አሉ፤ እንዲህ የበሰለው ልጣጩ ቢጫ፣ ውስጡ ጠጣርና ኮምጣጣ ነው። ፍሬውን ከቅርንጫፉ በተቀጠፈበት በኩል አሽትቱት። ካልሸተተ ተዉት።

ሁለተኛው የጅምላ ገበያው፣ «ማንዲ» ነው። ሌሊት የሚጀምር ትርምስ ነው፤ በሳጥን እንጂ በኪሎ ብዙም አይሸጡም። ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ያዋጣል። ለአንድ ሰው አይሆንም።

ሦስተኛው ራሱ ማሳው ነው፤ እነሱ «ባግ» ይሉታል። የኔ ምርጫ ይህ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘግይቶ ነው የገባኝ። የማሳው ባለቤትና ፍሬውን የሚሸጥላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ዛፉ ገና ሲያብብ፣ በየካቲትና መጋቢት፣ ነጋዴ መጥቶ የዓመቱን ፍሬ በግምት ይገዛል። ነፋሱም ተባዩም ከዚያ በኋላ የነጋዴው ዕዳ ነው። ስለዚህ ከዛፉ ስር ድንኳን ጥሎ የሚያድረው ሰው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ዋጋ ብትጠይቁት ወይ ይፈራል ወይ ያልተፈቀደለትን ይሸጥላችኋል። ጠዋት ፍሬው ሲለቀምና ሲመዘን ድረሱ፤ ነጋዴው ያኔ አይጠፋም። እኔ በሁለተኛው ጉዞ እንዲህ አድርጌ ከመንገድ ዳሩ በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊትም አንድ ባልዲ ማንጎ ቀረበልኝ።

የባልዲው ነገር ቁም ነገር አለው። ፍሬው ሲቀጠፍ ከተበጠሰበት ቦታ የሚፈሰው ወተት አፍና ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ይታጠባል፣ ፍሬውም ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቢላ አያስፈልግም፦ በእጃችሁ እያሻሻችሁ ታለሰልሱታላችሁ፣ ጫፉን ነክሳችሁ ትመጡታላችሁ። ደሼሪ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፣ ክር የለውም፣ የውስጥ ዘሩም ስስ ነው። ከአሶሳ ማንጎ ጋር ያደገ ሰው ጥርሱ ውስጥ የሚገባ ክር ሲጠብቅ ቆይቶ ሲያጣው ይገርመዋል። ላንግራ የሚባለው ዓይነት በስሎም አረንጓዴ ነው፣ ሽታው ክፍሉን ይሞላል፤ የለመደ ሰው ከደሼሪ አስበልጦ ይወደዋል። ቻውሳ ትልቅ፣ ወርቅማና በጣም ጣፋጭ ነው፤ ለኔ ከሁለት በላይ አይበላም። ሳፌዳም አለ፣ እሱን ግን አልወደድኩትም።

ሊታዩ የሚገቡ ዛፎች ሁለት ናቸው። አንዱ በካኮሪ አቅራቢያ ደሼሪ በምትባል መንደር ያለው እናት ዛፍ ነው። ከ200 ዓመት በላይ እንደሆነው ይናገራሉ፤ ማንጎውም ስሙን ያገኘው ከመንደሯ ነው። የአካባቢው ገዢዎች በነበሩት በናዋቦቹ ዘመን ዘሩ ወደ ሌላ እንዳይወጣ ዛፉን መረብ ያለብሱት ነበር ይባላል። ሁለተኛው ሐጂ ካሊሙላህ ካን የሚባሉ ሰው እዚያው ማሊሃባድ ያሳደጉት ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጠው ወደ አባታቸው የችግኝ ቦታ የገቡ ሰው ናቸው፤ የአንዱን ማንጎ ቅርንጫፍ በሌላው ላይ እየቀጠሉ አንድ ዛፍ ላይ ከ300 በላይ ዓይነት አፍርተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ለአዳዲሶቹ ማንጎዎቻቸውም የክሪኬቱን ቴንዱልካርንና ተዋናይቷን አይሽዋርያ ራይን የመሳሰሉ ስሞች አውጥተዋል። ጊዜ ለአንዱ ብቻ ካላችሁ ይህኛውን እዩ፤ ቅጠሉ እንኳ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይለያያል። ግን ቦታው የሰው ቤትና መተዳደሪያ ነው፤ አስፈቅዳችሁ ግቡ።

ምግብ። ሰኔ ማለት የሰኔ ጾም ማለት ስለሆነ ለጾመኞች እዚህ ላይ ላስረዝም። «ፒዩር ቬጅ» የሚለው ሰሌዳ አያታላችሁ። ሥጋና እንቁላል የለም ማለት እንጂ የጾም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ንጥር ቅቤው የሚበዛው እዚያ ነው። ዳል የሚሉት የምስር ወጥ መጨረሻ ላይ በቅቤ ይቁላላል፣ ሮቲ የሚሉት ቂጣም ሲወጣ ይቀባል፣ ሻዩ በወተት ነው። «ቢና ጊ፣ ቢና ዱድ፣ ቢና ዳሂ» በሉ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እርጎ ማለት ነው። «ሱኪ ሮቲ» ካላችሁ ያልተቀባ ይሰጧችኋል፤ «ካሊ ቻይ» ጥቁር ሻይ ነው። ለጾም ከቀመስኩት ሁሉ ጠዋት መንገድ ዳር በዘይት የሚጠበሰው ፑሪ የሚባል ቂጣ ከድንች ወጥ ጋር ይበልጣል። ዘይቱ የሰናፍጭ ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫ ይመታል፣ በሦስተኛው ጉርሻ ትለምዱታላችሁ። ከጥሬ ማንጎ፣ ከከሙንና ከጥቁር ጨው የሚሠራው «ኣም ፓና» ለሙቀቱ መድኃኒት ነው። ጥቁር ጨው እንቁላል እንቁላል ይሸታል፤ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት። በረዶውን ግን ተዉት፤ የታሸገ ውሃም ክዳኑን አይታችሁ ግዙ።

ለማትጾሙ የካኮሪ ካባብ አለላችሁ፤ ልሞ ከተፈጨ የበግ ወይም የፍየል ሥጋ ተሠርቶ በብረት ዘንግ የሚጠበስ ነው፤ ምላስ ላይ ይሟሟል። ሙስሊም አንባቢዎች ሐላል ፍለጋ አትቸገሩም፤ የሙስሊም ምግብ ቤት ሞልቷል። ላክናው ስትመለሱ ቾውክ ሰፈር ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ቱንዴ ካባቢም አለ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ይገባዋል።

ማደሪያ። ማሊሃባድ አትደሩ። ሕንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ማረፊያ በ24 ሰዓት ውስጥ ቅጽ ሞልቶ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ብዙ ትናንሽ ማረፊያዎች ለዚህ ስላልተመዘገቡ የውጭ እንግዳ አይቀበሉም። እኔ ላክናው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ርካሽ ክፍል በስልክ ይዤ፣ ከፍዬ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ፓስፖርቴን አይተው መለሱኝ። ገንዘቡም አልተመለሰም። ስትይዙ ደውላችሁ «የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ?» በሉ። በባቡር ጣቢያው ሰፈር በቻርባግና በመሃል ከተማው በሃዝራትጋንጅ መካከል ከተባለ ሃዝራትጋንጅን እመርጣለሁ። ይወደዳል፣ ግን እንቅልፍ አለ፣ የሜትሮ ጣቢያውም እዚያው ነው፤ ሜትሮው ከአየር ማረፊያው ጀምሮ በቻርባግ በኩል ይደርሳል።

ገንዘብ። ሻይ ሻጩ እንኳ የሚቀበለው በስልክ ኪውአር ኮድ ነው፤ የቴሌብር ዓይነት ነገር። የሕንድ ባንክ ሂሳብ ያላችሁ ተማሪዎች ተመቻችሁ፤ ሌሎቻችሁ ዝርዝር ሩፒ ያዙ። በ500 ሩፒ ሁለት ኪሎ ማንጎ መግዛት መልስ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ያስቆማል።

ለእናት ወይም ለእህት የሚሆን ስጦታ ካሰባችሁ ቺካን የሚሉትን ጥልፍ እዩ። በላክናው ስም ቢሸጥም በማሊሃባድና በካኮሪ ዙሪያ ያሉ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሚጠልፉት ብዙ ነው። የእጅና የማሽኑን ለመለየት ልብሱን ገልብጡት፦ የእጁ በጀርባው የክር ጫፍና ቋጠሮ አለው፣ አበቦቹም ትክክል አንድ ዓይነት አይደሉም። ገና ያልታጠበ ከሆነ በማኅተም የተመታው ሰማያዊ ንድፍ ይታያል። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ መርጦ የሚያውቅ ሰው አይሸወድም። ሱቅ ውስጥ «የእጅ ነው» ብለው የማሽን የሸጡልኝ ስላሉ ነው የምለው።

ሰዉ ትሑት ነው። ላክናዎች «ፔህሌ ኣፕ» ይላሉ፣ መጀመሪያ እርስዎ እንደማለት፤ በር ላይ «በሞቴ ቅደም» እየተባባልን የምንቆመውን አስታወሰኝ። ፎቶ ካልተነሳን ይሏችኋል፣ «ዌስት ኢንዲስ?» ብለው ክሪኬት ይጠይቋችኋል። ሴት ብቻዋን ከሆነች ማሳ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ከመንደሩ ሴቶች ጋር ብትተዋወቅ ይሻላል፤ አብራኝ የሄደችው የክፍሌ ልጅ እንዲህ አድርጋ ከኔ የተሻለ ቀን አሳለፈች፣ ቺካኑንም ያገኘችው በዚያ ነው።

ችግኝ ወይም ዘር ወደ አገር ቤት ይዛችሁ እንዳትሄዱ ደግሞ አደራ። ማሳው ላይ በርካሽ ይሰጧችኋል፣ እጅም ይበላል። የአገራችንን ማንጎ የሚያደርቀው ነጭ ተባይ በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ላይ መጀመሪያ የታየው ከውጭ ችግኝ ባስመጣ እርሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምዕራቡን አዳርሷል።

ወደ ዴልሂ የምትወስዱት ከሆነ ጠንከር ያለውን መርጣችሁ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሳጥን ይታሸግላችሁ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይበስላል። የሌሊት ባቡር ላይ ሳጥኑን ከአልጋው ስር አድርጉትና የበሰሉ አምስት ስድስት ፍሬዎች ለብቻ በፌስታል ያዙ። ሽታው ከተሰማ በኋላ የፉርጎው ሰው «ከማሊሃባድ ነው?» ማለቱ አይቀርም።