የናሽቪል ጉዞ ረቂቅ፦ ካምፓሱን ብቻ ወይስ ከተማዋንም?

ጸሐፊዋ
ሰላም ለሁላችሁ፣ የአትላንታ ወላጆች። ልጆቻችንን ኮሌጅ ስለማሳየት ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የጀመርነውን ወሬ ወደ ወረቀት እናውርደው። እስካሁን 9 ቤተሰብና 11 ልጆች ተመዝግበዋል። ሁሉም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ ዓርብ ጠዋት ወደ ናሽቪል፣ ቴኔሲ መነሳት፣ ከሰዓት ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲን ማየት፣ ቅዳሜ የከተማዋን የሙዚቃ ቦታዎች መዞር፣ እሑድ መመለስ። የቫኑን ኪራይ ማኅበሩ ይችላል፤ አዳርና ምግብ በየቤተሰቡ። የጎደለውን ሙሉበት፣ የማይረባውን አውጡት። ረቡዕ ማታ ለቦርዱ አስገባዋለሁ።

የ12ኛ ክፍሏ ልጅ እናት
እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ስለ ምዝገባ ልናገር፤ አምና አንጀቴን ያሳረረኝ ነገር አለ። ልጄን ይዤ 5 ሰዓት ነድቼ አንድ ኮሌጅ ሄድኩ። ቀድሜ አልተመዘገብኩም፤ መሄድ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። የዛሬው ጉብኝት ሞልቷል ተባልንና በር ላይ ቀረን። ልጄ ለዚያ ቀን ብላ ሸሚዟን ማታ ተኩሳ ሰቅላ ነው ያደረችው። ስንመለስ «ማሚ፣ ምንም አይደል» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ስምና ኢሜይል ቀድሞ ይመዝገብ። ማን መጥቶ እንዳየው መዝግቦ የሚይዝ ኮሌጅ አለ፤ ተማሪ ሲመርጥም ያንን የሚያይ አለ። በእናት ስም የተያዘ ቦታ ለልጁ አይቆጠርለትም። ሌላው፣ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ቢሮ ዝግ ነው። የሚያናግረን ሰው የምናገኘው በሥራ ቀን ነው። ለኮሌጅ ጉብኝት ፈቃድ የሚሰጡ ሃይስኩሎች አሉ፤ ሁላችንም የልጆቻችንን ካውንስለር እንጠይቅ።

የመንትዮቹ አባት
ቅር ያለኝን ልናገር። ለኮሌጅ ብለን ወጥተን ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ላይ ለምን እንውላለን? ናሽቪል ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። የሙዚቃ ቤቶቹን ጎዳና፣ ብሮድዌይን፣ አውቀዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ በየበሩ ባንድ ይጫወታል። አብዛኛው ቤት መግቢያ አያስከፍልም፤ ሙዚቀኛው በቲፕ ነው የሚኖረው። ግን ቡና ቤት ነው። ሲመሽ ደግሞ ከ21 ዓመት በታች የማያስገባው ብዙ ነው። ልጆቻችን ገና 16 እና 17 ናቸው። እኔ ልጆቼ ምሕንድስና እንዲማሩ ነው የምፈልገው። የማኅበሩ ገንዘብ ለዚያ ይዋል።

የመዘምራኑ አስተማሪ
ጋሼ፣ ስለ ብሮድዌይ ያሉት ልክ ነው፤ ማታውን ከረቂቁ እናውጣው። ግን ናሽቪል ገና የሙዚቃ ከተማ ሳትባል ድምፅዋን ለዓለም ያሰሙት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ቫንደርቢልትን አይተን፣ ጥቂት ማይል ብቻ የሚርቀውን ፊስክ ዩኒቨርሲቲን ሳናይ ከተመለስን እኔ በጣም አዝናለሁ።

ፊስክ እ.ኤ.አ. በ1866 ከባርነት ለወጡ ሰዎች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ደረሰ። ገንዘብ ያዡ ጆርጅ ዋይት 9 ተማሪዎች ይዞ ኦክቶበር 6 ቀን 1871 ለልመና ወጣ። የሚለምኑት በመዝሙር ነው። ከልጆቹ አብዛኞቹ ባርነትን በራሳቸው ያዩ ነበሩ። ያሳደሯቸው ነበሩ፣ ጥቁር አናሳድርም ያሏቸውም ነበሩ። ቀስ በቀስ ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን የዘመሩትን መዝሙር በየመድረኩ ማሰማት ጀመሩ። ሰው ያኔ ጆሮውን ሰጣቸው።

ዋይት ያወጣላቸው ስም «ጁብሊ ሲንገርስ» ነው። ጁብሊ ማለት የእኛው ኢዮቤልዩ ነው፤ ዘሌዋውያን 25 ላይ ያለው፣ ባሪያው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ የሚመለስበት 50ኛው ዓመት። ይህን ለመዘምራኑ ልጆች ስነግራቸው ስልካቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ዘማሪዎቹ በ1873 በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። ባመጡት ገንዘብ የተሠራው ጁብሊ ሆል በ1876 ተመረቀ፤ ዛሬም ቆሟል። ውስጡ የዘማሪዎቹ ትልቅ ሥዕል አለ። መዘምራኑም አልተቋረጡም፤ በ2021 ግራሚ ተሸልመዋል።

ልጆቻችን ኮሌጅን የሚያውቁት ወላጅ ተበድሮ የሚከፍልለት ነገር አድርገው ነው። እስቲ ተማሪ በጉሮሮው ያተረፈውን ትምህርት ቤት ደጃፉ ላይ ቆመው ይዩት።

አንድ ነገር ደግሞ። እኔ እሑድ ቅዳሴ አለብኝ፣ ልጆቹም ያገለግላሉ። ሐሙስ ወጥተን ቅዳሜ ብንመለስስ? ሁለት የሥራ ቀን እናገኛለን።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ
እማዬ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ቸርች ውስጥ ሳውንድ ላይ አገለግላለሁ። ማይክ ሲጮህ የትኛውን ድምፅ መቀነስ እንዳለብኝ በጆሮዬ እለያለሁ። ለምን እንደሚጮህ ግን የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። መማር የምፈልገው እሱን ነው። መርፍሪስቦሮ ያለው ሚድል ቴኔሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቀረጻን ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አድርጎ ያስተምራል። የመንግሥት ኮሌጅ ነው፤ ከተማው ደግሞ መንገዳችን ላይ ነው። ናሽቪል ውስጥ ቤልሞንት ዩኒቨርሲቲም የድምፅ ምሕንድስና አለው። ጋሼ፣ እሱም ሒሳብና ፊዚክስ ነው።

የመዘምራኑ አስተማሪ
ጎበዝ ልጄ። ሙላቱ አስታጥቄም እንግሊዝ አገር ሲሄድ የታሰበለት ምሕንድስና ነበር። ሙዚቃን መርጦ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ተማረ። ኢትዮ ጃዝን ያገኘነው በዚያ መንገድ ነው።

ሹፌራችን
መንገዱን ለእኔ ተዉት። ከአትላንታ በ75 አውራ ጎዳና ወጥተን ቻተኑጋ ላይ 24ን እንይዛለን። እስከ ናሽቪል 250 ማይል ያህል ነው፣ አራት ሰዓት ገደማ። ናሽቪል ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ብንነሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ መርፍሪስቦሮ እንደርሳለን። ስትመዘገቡ የጻፋችሁት ሰዓት በማን አቆጣጠር እንደሆነ እዩ። ሞንትኢግል ተራራ ቁልቁለቱ ከባድ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም እንዳያጣድፈኝ። ቫኑ የሚይዘው 15 ሰው ነው፤ ሁለት የግል መኪና ያስፈልገናል።

የክላርክስተኗ እናት
ሐሙስ መውጣቱን እደግፋለሁ። ዓርብ ግን ጁምዓ አለ። ናሽቪል የኩርዶች ከተማ ናት ማለት ይቻላል፤ አሜሪካ ውስጥ እንደዚያ ብዙ ሆነው የሚኖሩበት ቦታ የለም። ኖልንስቪል ፓይክ አካባቢ መስጊድ አላቸው፣ ሐላል ምግብም እንደ ልብ ነው። ከፊስክ ስንወጣ እኛን እዚያ አድርሳችሁ ብትመለሱ ይበቃናል። እናንተም ዓርብ ጾም ናችሁ፤ ቅመም የበዛበት የናሽቪል ዶሮ ለቅዳሜ ይቆይ።

የመንትዮቹ አባት
የመምህርን ጽሑፍ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ታክሲ ስነዳ ጄፈርሰን ጎዳና፣ ፊስክ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ሽማግሌ አሳፍሬ ነበር። ቀስ በል አሉኝና በመስኮቱ ወደ አውራ ጎዳናው ድልድይ እየጠቆሙ «ሙዚቃው እዚህ ነበር» አሉኝ። ያኔ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። በኋላ ሰው ጠይቄ ሰማሁ። ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር የጥቁሮች የሙዚቃ ክበብ ነበር፤ ጂሚ ሄንድሪክስ ታዋቂ ከመሆኑ በፊት እዚያ ተጫውቷል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢንተርስቴት 40 መሃሉን ሰንጥቆ አለፈ። ክበቡም ሱቁም መኖሪያውም ተበተነ። እኔ በዚያ ድልድይ በየቀኑ አልፍ ነበር።

ልጆቼ ይህንን ይስሙ። ፊስክ ይግባ። አውራ ጎዳና የት እንደሚያልፍ የሚወስነውም መሐንዲስ ነውና፣ ለእነሱም ትምህርት ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ከመሄዳችን በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ በኮሌጆቹ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ ይሙላ። አቅማችንን ሳናውቅ ልጅን ማስጎምጀት ደግ አይደለም።

የ12ኛ ክፍሏ ልጅ እናት
እውነት ነው። በተጻፈው ዋጋም አትደንግጡ። ቫንደርቢልት የቤተሰቡን ገቢ አይቶ የጎደለውን በብድር ሳይሆን በእርዳታ ነው የሚሞላው። የመንግሥት ኮሌጅ በተቃራኒው ከሌላ ስቴት ለመጣ ይወደዳል። የደቡብ ስቴቶች ግን በአገር ቤት ስቴትህ የሌለ ትምህርት ሲሆን በነዋሪ ዋጋ የሚያስተምሩበት ስምምነት አላቸው፤ አካዳሚክ ኮመን ማርኬት ይባላል። የቀረጻው ትምህርት ይገባበት እንደሆነ መርፍሪስቦሮ ላይ እኔ እጠይቃለሁ።

ጸሐፊዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቦርዱ የሚገባው እንዲህ ሆኗል።

ሐሙስ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት እንነሳለን። ጠዋት መርፍሪስቦሮ፣ ከሰዓት ቫንደርቢልት። ማታ ቫንደርቢልት ብሌር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኮንሰርት ካለ እንገባለን፤ አብዛኛው በነጻ ነው። ዓርብ ጠዋት ፊስክ። ጁብሊ ሆልን ከውስጥ እንድናይ መምህር በማኅበሩ ስም ደብዳቤ ይጽፋሉ። ከዚያ ጄፈርሰን ጎዳናን በእግር፤ የሚያስረዱን የመንትዮቹ አባት ናቸው። ከጁምዓና ከጾም ምሳ በኋላ፣ በ2021 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚቃ ሙዚየም። ቤልሞንት በዚሁ ሰዓት ላይ ስለወደቀ፣ የሚፈልግ ልጅ ከእናቱ ጋር በግል መኪና ይሂድ። ቅዳሜ ጠዋት ራይማን አዳራሽ። በ1892 ለስብከት የተሠራ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ዛሬም አለ፣ ልጆቹ ተቀምጠው ይዩት። ብሮድዌይን በቀን ብርሃን በእግር አልፈን፣ ዶሮአችንን በልተን ወደ ቤት።

የወጪ ማስያውን ያልሞላ ቤተሰብ ቫኑ ላይ ቦታ አይያዝለትም፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ። የቀረኝ ሁለተኛው የግል መኪና ነው። ማን ያምጣ?

የመንትዮቹ አባት
የእኔን ያዢው። 7 ሰው ይጭናል።