የመረጃ ሥነ ምግባር ጥናት ለባሕር ዳር ተማሪዎች፦ የጋራ ሐሳባችንን እንቅረጽ

አስተባባሪ፦ ሰላም ወዳጆች። እሑድ ጣና ዳር ያነሣነውን እንቀጥል። ተማሪዎቻችን ፋይል ሲገለብጡ፣ የሰው ፎቶ ሲያስተላልፉ፣ ልክ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ከምን ተነሥተው ነው? ለመነሻ የመረጃ ሥርዓት ምሁሩ ሪቻርድ ሜሰን በ1986 እ.ኤ.አ. ያነሣቸውን አራት ጉዳዮች ይዣለሁ፦ ግላዊነት፣ ትክክለኛነት፣ ባለቤትነትና ተደራሽነት። በእነሱ ላይ የተዘጋጀ የውጭ መጠይቅ ተርጉመን ብንበትንስ?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ መተርጎሙ ብቻ አይበቃም። መጽሐፍ ሙሉውን ኮፒ አድርጎ ለጓደኞቹ የሚያድል ተማሪ በየጊዜው አያለሁ። ሌባ ብትሉት ይደነግጣል። የሚያፍረው ፋይሉን ደብቆ ቢገኝ ነው፤ ንፉግ ይባላላ! «የቅጂ መብት መጣስ ጥፋት ነው?» ብንለው «አዎ» ይላል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳለ ያውቃል። ያ «አዎ» ግን ስለ ልቡ ምንም አይነግረንም።

የቅኔ መምህር፦ ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ግን «ባህላችን መገልበጥን ይፈቅዳል» ብለን እንዳንጽፍ፣ አደራ። የጣና ገዳማትን ብራናዎች አስቡ። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ በረከት ያገኛል። በብራናዎች ላይ ደግሞ የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይገኛል። ወደ ቅኔ ቤት ስትገቡ ደግሞ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ክብር የለውም። መጽሐፍ ማባዛት ሌላ፣ የሰውን ድካም የራስ ማድረግ ሌላ። ልጆቹ ይህን ይለያሉ ወይ? እሱን እንጠይቅ።

የተማሪዎች ተወካይ፦ የኔታ፣ አሳይንመንት ላይ ብዙዎቻችን አንለይም። «ተባበረኝ» ነው የሚባለው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፎቶ ነው። ዶርም ውስጥ የጓደኛን ስልክ መክፈት እንደ ቅርበት ይታያል። የሴት ልጅ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ግን ሁሉም «ነውር!» ይላል። ነውሩ የሚለጠፈው በላኪው ሳይሆን ብዙ ጊዜ በእሷ ላይ ነው። «ለምን ተነሣሽው?» ትባላለች። ይህ በጥናቱ ካልገባ እኔ አልስማማም።

አስተባባሪ፦ ይገባል፤ የመጀመሪያው ታሪክ እሱ ይሁን። የውጭውን መጠይቅ መተርጎሙን ትቼዋለሁ። በምትኩ አጫጭር ታሪኮች እናዘጋጅ፤ ከእያንዳንዱ ሥር «ለምን?» የሚል ባዶ ቦታ ይኑር። የኔታ፣ ግዝቱን ከነግእዙ ቢልኩልኝ። እኅቴ፣ የኮፒውን ታሪክ ጻፊልን፤ ተማሪው ስም አይኑረው። ዓርብ ማታ ረቂቁን እዚሁ አወጣለሁ።